ሁለት ሻጋታ፣ አንድ ጠርሙስ

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ አንድ ሐይቅ ዳር እወስዳችኋለሁ። የዋና ልብስ አትያዙ፣ የሚዋኝበት አይደለም።

አሜሪካ፣ ሞንታና ግዛት፣ ቡት ከተማ። በርክሊ ፒት ይባላል። ከ1955 ጀምሮ መዳብ የተቆፈረበት ግዙፍ ጉድጓድ ነው። (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትጣሉኝ።) በ1982 ሥራው ቆመ፣ ውሃውን የሚስቡት ፓምፖች ተዘጉ፣ ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ውሃ ሞላው። ውሃው እንደ ሎሚ ጭማቂ የሚኮመጥጥ፣ መዳብ፣ ዚንክና አርሴኒክ የበዛበት ነበር። በ1995 ሊያርፉበት የወረዱ 342 ዝይዎች ሞተው ተገኙ።

እዚህ ውስጥ ፈንገስ ይኖራል። አዎ፣ ይኖራል! አንድሪያና ዶን ስቲርል የሚባሉ ባልና ሚስት ኬሚስቶች ከውሃው ቀድተው ፈንገሱን ላብራቶሪ ውስጥ አሳደጉት።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ታክሲ ተራ ሂዱ። አንድ ታክሲ ብቻ ቆሟል። ወያላው በሩን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። «ቦሌ ነው?» ስትሉት እንኳ በአገጩ ነው የሚመልስላችሁ። ድንገት ሁለተኛ ታክሲ ከች ይላል። ያ ዝም ያለው ልጅ ምን ሆነ? «ቦሌ ቦሌ ቦሌ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ውስጥ እኮ ስምንት ወንበር ባዶ ነው። ድምፁ መጀመሪያም ነበረው። ያወጣው ግን ተቀናቃኝ ሲመጣ ነው።

ፈንገስም ወያላ ነው። ኬሚካል መሥራት ጉልበት ይፈጃል፣ ለብቻው ሲሆን ብዙው ጂን፣ ማለትም የኬሚካሉ አሠራር መመሪያ፣ ይተኛል። ጎረቤት ሲመጣ ጂኑ ይነቃል፣ ኢንዛይም የሚባል ሠራተኛ ፕሮቲን ይሠራል፣ ኢንዛይሙ ሞለኪውል ይገጣጥማል።  ባልና ሚስቱ ሁለት የፔኒሲሊየም (ፔኒሲሊን የሚወጣበት የሻጋታ ወገን ነው) ዝርያዎችን አንድ ጠርሙስ ውስጥ አሳደጓቸው። በርክሊላክቶን ኤ የሚባል ነገር ወጣ። ለየብቻ ሲያድጉ አንዳቸውም አልሠሩትም! በ2017 የታተመው ውጤት መድኃኒት የተላመደ ስታፍ የሚባል ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያን እንደሚያጠቃ ያሳያል። ላብራቶሪ ውስጥ ማለቴ ነው፤ ፋርማሲ ሄዳችሁ እንዳትጠይቁ።

ቆይ፣ ቆይ። ስለ ፔኒሲሊን ባወራሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ታዲያ የሻገተ እንጀራ ብንበላ አንታከምም?» አይ! አይ ቤተሰብ። ፔኒሲሊን የሚወጣው ከተመረጠ ዝርያ ነው፣ ተጣርቶና ተመጥኖ። መሶባችሁ ላይ የበቀለው የትኛው እንደሆነ በምን አወቃችሁ? አንዳንዱ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን ይሠራል። እናቴ አረንጓዴውን ቆርሳ ትጥልና ቀሪውን ትሰጠን ነበር። እማዬ ይቅርታ፣ የሻጋታው ክር ለዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ይገባል። «ፍርፍር ላድርገው» የምትሉም አላችሁ። አፍላቶክሲን በምድጃ እሳት አይጠፋም። ቁስል ላይ መለጠፍማ ጭራሽ አታንሱብኝ።

በዚሁ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ጫን። ሁለተኛ ታክሲ እስኪመጣ አትጠብቁ።

«ከቆሻሻ ውሃ ምን መድኃኒት ይወጣል?» ለምትሉኝ ደግሞ፦ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ተወግታችሁ ታውቃላችሁ? በ1945 ጁሴፔ ብሮትሱ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም፣ ሰርዲኒያ ደሴት ካልያሪ ከተማ፣ የፍሳሽ ቱቦ ባሕር ከሚገባበት ቦታ አንድ ፈንገስ ለቀመ። የሴፋሎስፖሪን መድኃኒቶች ዘር የሚመዘዘው ከዚያ ነው፤ ሴፍትሪያክሶንም የዚያ ቤተሰብ ልጅ ነው።