ስልክ የማይነሳበት ሌሊት

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

እንደምን ዋላችሁ? ስለ አመራር ክህሎት ተናገሪ ተብዬ ነው የመጣሁት። ስላይድ አልያዝኩም። እናንተም እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ዶርም ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሬን ደበደበች። አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው። ምንም ሳትናገር ስልኳን ሰጠችኝ። ወንድሟ ነው የጻፈው፦ «አባዬ ሆስፒታል ገብቷል፣ ቶሎ ድረሺ።»

ደንቡ ግልጽ ነው። በዚያ ሰዓት ያለ ኃላፊ ፈቃድ ከግቢ መውጣት አይቻልም። ደንቡ በከንቱ አልወጣም፣ እሱን አልክድም። ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። የበላዩ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እኔን ታያለች። እኔ ስልኬን አያለሁ። ፈቃዱ የመጣው 12 ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ! አባቷን በሕይወት አገኘችው። በእኔ ጉብዝና እንዳይመስላችሁ፣ በዕድል ነው።

በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ። «ለምን አላክሻትም?» ያለኝ የለም። «መዝገቡን ሞልተሻል ወይ?» ነው የተባልኩት።

ያኔ ሁለት የአመራር ስልጠና ሰርተፍኬት ነበረኝ። አንዱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት አብረው ያሻሻሉት የተማሪዎች አገልግሎት ባለሙያ የብቃት ዝርዝር አለ። አሥር መስኮች አሉት፤ አንዱ አመራር ነው። ለአለቃ ብቻ አልተጻፈም። ሥልጣን ያለውንም የሌለውንም ይመለከታል ነው የሚለው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ተረኛውን ለስልጠና እንልካለን። ሲመለስ ወንበር ለማዛወር እንኳ ደብዳቤ ጻፍ እንለዋለን!

ፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች፣ የምናገረው ለእናንተ ነው። ራሴም አሁን ከእናንተ አንዷ ነኝ። ወስኖ የማያውቅ ሰው መምራትን ከየት ይማራል? ከሞጁል? ፊርማችሁን ሁሉ ጋ እያስገባችሁ «ተተኪ የለም» አትበሉ።

ስለ በጀትና ስለ ሪፖርት አጻጻፍ ከሰዓት በኋላ የሚናገሩ አሉ፣ እነሱ ይሻላሉ። እኔ ቢሮ ያደረግነው ቀላል ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን፦ ተረኛው ብቻውን የሚወስነው ይህ፣ ደውሎ የሚወስነው ይህ። ስልክ ካልተነሳስ? ራሱ ይወስናል። ጠዋት ቁጭ ብለን ምን አስቦ እንደወሰነ እንሰማዋለን። ቢሳሳትም ያው ወንበር ላይ ነው የምናወራው፣ ማስጠንቀቂያ አንጽፍም።

ባለፈው ወር ሌሊት ስልኬ ጮኸ። አዲሱ ተረኛችን ነው። «አንድ ልጅ ታሞ ወደ ሆስፒታል ልኬዋለሁ፣ የክፍል ጓደኛው አብሮት ሄዷል። እንድታውቂው ብዬ ነው» አለኝ። እኔ ብሆን ከጓደኛው ይልቅ ሠራተኛ ነበር የምልከው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሺ፣ ጠዋት እንነጋገራለን» አልኩትና ተኛሁ።