አክስቴ የጠየቀችው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምቀዳው አዘዞ፣ እቤት ሆኜ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁን ታገሱኝ።

21 ዓመቴ ነበር። ሆዴ ሲነፋ ጨጓራ ነው ብዬ ሰነበትኩ። ሰፈር ግን ሌላ ነገር አወራ፤ ያላገባች ልጅ ሆዷ ሲገፋ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። አልትራሳውንዱ ግራ ኦቫሪዬ ላይ፣ ማለትም እንቁላል ማምረቻዬ ላይ፣ ትልቅ ዕጢ አሳየ።

ከኦፕሬሽኑ በፊት ሐኪሙ ያወራው ከአባቴ ጋር ነው። እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ እሰማለሁ። «እናወጣዋለን» አለ። ምኑን? ዕጢውን ብቻ? ማህፀኔንም? አባቴ ፊት፣ ሳላገባ፣ «መውለድ እፈልጋለሁ» ልበል? አፌ አልታዘዝ አለኝ። አባቴ ሊፈርም እስክሪብቶ ይዟል።

አክስቴ ከአራዳ ገበያ በቀጥታ ነበር የመጣችው፤ ዘንቢሏን እንኳ አላስቀመጠችም። «ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ኋላ ትወልዳለች ወይ?» አለችው።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያኔ ነው ነገሩ የተብራራው። ሲከፈት ሌላው ጎን ደህና ከሆነ የታመመውን ኦቫሪ ከነቱቦው አውጥቶ ማህፀኑንና ቀሪውን መተው ይቻላል። ለማርገዝ አንድ ኦቫሪ ይበቃል። ለእኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ለአባቴማ ተዉት፣ መሬት መሬት ያይ ነበር።

የዕጢው ምርመራ ውጤት ዲስጀርሚኖማ የሚባል የኦቫሪ ካንሰር ሆነ። ወጣቶች ላይ የሚበዛ፣ ለኬሞ፣ ማለትም ለካንሰር መድኃኒት፣ ቶሎ እጅ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ቢሰራጭ እንኳ ብዙ ጊዜ መውለጃን ማትረፍ ይቻላል። በዕድሜ ገፋ ያሉትን የሚይዘው የተለመደው የኦቫሪ ካንሰር ግን እንዲህ አይራራም፤ እዚያ ማትረፍ የሚታሰበው በጊዜ ከተደረሰበት ነው። እና የእኔን ሰምታችሁ ለሌላ ሰው እንዳትፈርዱ።

በኬሞው ጊዜ የወር አበባዬ ቆመ። ከጨረስኩ ከአምስት ወር በኋላ ሲመለስ ሽንት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በወር አበባ የሚደሰት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከኬሞ በፊት እንቁላል አውጥቶ በቅዝቃዜ ማቆየት የሚባል ነገር አለ፤ የሆርሞን መርፌው ወደ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። የኦቫሪውን ቁራጭ አቀዝቅዞ ኋላ መመለስም አለ። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ልጅ ቤልጂየም ውስጥ የተወለደው እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ነው። ቁራጩ ውስጥ የካንሰር ሴል ሊደበቅ ስለሚችል ለእኔ ዓይነቱ ያሰጋል። ይሁን። እኔ ግን ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ፣ ስልኬ ላይ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቢያንስ ይነገረኝ ነበር።

አክስቴ አሁንም እሁድ እሁድ ቡና ልትጠጣ ትመጣለች። ባለፈው ስኒውን እያቀበልኳት፣ «እኔ ኦቫሪውን አትርፌልሻለሁ፤ ባሉን ደግሞ ራስሽ ፈልጊ» አለችኝ።