ከአጥር ውጪ ያለው ውሻ የማን ነው? (በውሻ ባለቤቶች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ! እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ወንበር እየመጣ ነው፣ ትንሽ ታገሱን። ውሾቻችሁን ቤት ትታችሁ ኑ ያልናችሁ ለክፋት አይደለም። እያንዳንዳችሁ የምትምሉለት ጨዋ ውሻ ከሌሎች ጨዋ ውሾች ጋር አንድ አዳራሽ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር ስለምናውቅ ነው።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ፣ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ታስረዳለች፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱን ተናግሬ እወርዳለሁ። እዚህ የተቀመጥን ሰዎች ለውሾቻችን አንሰስትም። ክትባቱ በጊዜው ነው፣ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ የትል መድኃኒቱ ይገዛል። ጎበዞች ነን። ግን የእኛ ውሻ የግቢው በር በተከፈተ ቁጥር የሚያገኘው ያ ሌላው ውሻስ? መንደሩ በሙሉ የሚያበላው፣ ማንም ግን "የኔ ነው" የማይለው? ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል የሚባለው? ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ እናንተ በር ላይ የሚጮኸው የበላው እናንተ በር ላይ ስለሆነ ነው። ሲጮኽልን የኛ፣ መርፌ ሲያስፈልገው የመንግሥት ሊሆን አይችልም። ዘንድሮ ማኅበራችን ከግቢ መውጣት አለበት ባይ ነኝ።

ለምን በሉኝ። የእብድ ውሻ በሽታ አጥር አያውቅም። ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ በሰውም ይሁን በውሻ፣ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ 99ኙ ከውሻ የመጣ ነው። ከሟቾቹ ከመቶ 40ው ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ይነካካል፣ ቁመቱም ፊቱን ከውሻው አፍ ጋር ያስተካክለዋል፣ ከሁሉ የሚብሰው ግን ቤት ገብቶ አይናገርም። "ማን ውሻ ጋ ሂድ አለህ!" ብሎ የሚጮኽ አባት ያለው ልጅ ጭረቱን በሱሪው ሸፍኖ ይተኛል። እባካችሁ፣ ተነከስኩ ያለን ልጅ አትቆጡት።

የሚያናድደኝ መከላከያው የትናንት ግኝት አለመሆኑ ነው። ሉዊ ፓስተር እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ፣ ጆሴፍ ማይስተርን፣ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዓድዋ በፊት! ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት ክትባት ሆድ ላይ ቀን በቀን የሚወጋውን፣ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረውን ነው። እሱን ፈርቶ እስከ ዛሬ የሚደበቅ ሰው አለ። ዘመናዊው ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው፤ አራት ወይም አምስት ጊዜ ተወግቶ ያልቃል።

ከመርፌው በፊት ግን ሳሙና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። 15 ደቂቃ ስትሰሙት ቀላል ነው። ውኃ በጠፋበት ቀን አስቡት እስቲ፦ አንዱ በጆግ ያፈሳል፣ ሌላው የልብስ ሳሙና ይዞ ያሻል፣ ልጁ ይጮኻል፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዷ ጎረቤት ብቅ ብላ "ኧረ ይበቃዋል፣ ጸድቷል" ትላለች። አይበቃም። ጄሪካኑ ይለቅ፣ ከጎረቤት ሌላ ይምጣ። ቡና መነስነስ የለም፣ ቅጠል መለጠፍ የለም፣ በጨርቅ አፍኖ ማሰር የለም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ እኔ ማንንም አልከለክልም፤ መርፌውን ተወግቶ ይሂድ።

ሌላው ነገር፣ የነከሰውን ውሻ በድንጋይ መጨረስ። ንዴቱ ይገባኛል። ነገር ግን ውሻው ታስሮ 10 ቀን ቢታይና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የተጀመረውም ክትባት በሐኪም ትእዛዝ ሊቆም ይችላል። ቢሞት ደግሞ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ነው። ጭንቅላቱን የፈጠፈጥነው ውሻ ለምርመራ አይሆንም። አደራ፣ ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀኑን አትጠብቁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት።

መርዝ እንርጭ የሚል ሐሳብ ከአባላትም ጭምር ሰምቻለሁ። እኔ በጭራሽ አልስማማም፤ ስለሚያሳዝን ብቻ አይደለም፣ ስለማይሠራም ነው። የአንድ ሰፈር ውሾች በመርዝ ሲያልቁ የቆሻሻ ገንዳው እዚያው ነው፣ የሥጋ ቤቱ ትርፍራፊም እዚያው ነው። ባዶውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ መከተቡን ማንም የማያውቀው ውሻ ይይዘዋል፤ ደክመን የከተብነውም አብሮ ሞቷል። የሚሠራው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚሻገርበት ድልድይ ይሰበራል። ይህ ግን በየዓመቱ መደገም አለበት፤ ምክንያቱም የመንገድ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፣ ሴቷ ደግሞ ሁለት ወር አካባቢ አርግዛ ትወልዳለች፣ በዓመት ሁለቴ ልትወልድም ትችላለች፤ ስለዚህ አምና 70 የደረሰ ሰፈር ዘንድሮ 70 ላይ የለም።

"የመንገድ ውሻ ማን ይይዘዋል?" ትሉኛላችሁ። የሚያበላው ይይዘዋል። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ገመድ ይዘው አንዱን ቡናማ ውሻ ሲያባርሩ አረፈዱ። ውሻው ከቦይ ወደ ቦይ እየዘለለ ተጫወተባቸው። ጉሊት የምትቸረችር እናት አየቻቸውና "ኧረ ተዉት፣ አስደነገጣችሁት" አለች። ሽንኩርቷን ትታ ቁጢጥ ብላ ጠራችው። እየተቅለሰለሰ መጥቶ ራሱን ጉልበቷ ላይ ጣለ። ነጠላዋን ዓይኑ ላይ አለፍ አድርጋ አንገቱን በክንዷ ያዘችው፣ ሐኪሙ ከትከሻው ላይ ቆዳውን ቆንጠር አድርጎ ወጋው። አለቀ። ውሻው እንኳን የገባው አልመሰለኝም። እንግዲህ የእኛ ኮሚቴ መፈለግ ያለበት ገመድ ሳይሆን እንደሷ ያለ ሰው ነው። ጥበቃዎች፣ ባለ ሱቆች፣ ሊስትሮዎች፣ ባለ ጉሊቶች፤ የሰፈሩን ውሻ በስም የሚጠሩት እነሱ ናቸው።

በነገራችን ላይ ጉዳዩ የከተማ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባሌ ተራሮች ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎቻችን ከቤት ውሻ በተላለፈባቸው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ረግፈዋል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ አዋቂዎቹ በጠቅላላው 500 አይሞሉም። ገጠር ዘመድ ያላችሁ፣ የእረኛ ውሻ ክትባት ቅንጦት አይደለም በሏቸው።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚከበረው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ነው፣ ፓስተር ያረፈበት ዕለት። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ላይ፣ በመስቀል ማግስት ይውላል። ለእኛ የተመቸ ቀን ነው፤ ሰው ቤቱ ነው፣ ውሻውም በልቶ ጠግቦ ደጃፍ ላይ ተዘርግቷል። የሰፈር ክትባቱን ያኔ እንጀምር የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።

መስቀልን ካነሳሁ የበዓል ነገር ሳልናገር አላልፍም። በግ ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ውኃ ቋጥሮ ይገኛል፤ አራጁ "ይሄ አይበላም" ብሎ ወደ ውሻው ይወረውረዋል። ውሻው ደስ ይለዋል። እዚያ ውኃ ውስጥ ያለው ግን የትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ግቢው ውስጥ የሚጫወት ልጅ እጅ ላይ ይገባል፣ ከዚያ ዓመታት ቆይቶ የልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይሆናል። ውሻው ምንም ሳይታመም! ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ከበዓል በኋላም ስለ ትል መድኃኒቱ ሐኪም አነጋግሩ፤ ሁሉም ኪኒን ይህን ትል አይገድልም።

ዶሮ ወጡም ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ውስጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንዳለ የቤቱ እመቤት ታውቃለች። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል። ምልክቱ ቀናት ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ድዱ ይነጣል፣ ይደክመዋል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ያኔ ማንም ወጡን አያስታውስም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ጨውና ቅመም ያልገባበት ቅቅል አስቀሩለት፣ ይበቃዋል።

ቡችላ ያላችሁ፦ የፓርቮ፣ ማለትም ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድለው ቫይረስ፣ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ላይ ይጀመራል፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ይደገማል፣ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው። አንዴ አስወግቼዋለሁ ብላችሁ መንገድ እንዳታወጡት። ቡችላ በፓርቮ ያለቀበት ግቢ ውስጥ ሌላ ቡችላ ለማምጣት አትቸኩሉ፤ ቫይረሱ ወራት ይቆያል፣ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። በረኪና ነው መፍትሔው።

ወደ እግር ጉዞው ልምጣ። ብዙዎቻችን የምናወጣቸው ንጋት ላይ ነው፣ መንገዱ ጭር ሲል። ግን ያ ሰዓት አንዱ ለሱብሂ፣ ሌላዋ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ለኪዳን የሚወጡበት ሰዓት ነው። ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው ልብሱን የውሻ ለሃጭ ከነካው ተመልሶ ማጠብ ሊኖርበት ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደዋም እናት የጭቃ መዳፍ አትፈልግም። "አይዞሽ፣ አይናከስም" ማለት መልስ አይሆንም። ገመዱን ሰብሰብ፣ ወደ ሌላው ጠርዝ ተሻገር፣ ሰላምታ ስጥ። ፌስታልም ያዙ። ውሻ ያለው ሰው በሰፈር የሚጠላው በአብዛኛው ባልታፈሰ ዓይነ ምድር ነው።

ሥልጠና ላይ ብዙ ሰው የሠለጠነ ውሻ ልግዛ ወይም አሠልጣኝ ልቅጠር ይላል። ክፉ አይደለም። ግን ቤት ውስጥ አባት "ቁጭ በል!"፣ ልጅ "ሲት!"፣ ሠራተኛዋ "አርፈህ ተቀመጥ!" እያሉት ውሻው የትኛውን ይስማ? አንድ ቃል ምረጡ፣ ሁሉም እሱን ይበል፣ የታዘዘ ለት ወዲያው ቁራሽ ነገር ይቅመስ። ዱላ ውሻን ዝም ያሰኛል እንጂ አያስተምርም። ዝም ብሎ ማጉረምረሙን የተወ ውሻ ደግሞ አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

አንድ የአገራችን ነገር አለ። የመንገድ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ካየ ይሸሻል ወይም ጥርሱን ያወጣል፤ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ድንጋይ ሲያነሳበት ስለኖረ። ከመንገድ የታደጋችሁት ውሻ ቤታችሁ ካለ የጫማ ክር ስታስሩ እንኳ ታዩታላችሁ። ጎንበስ እያላችሁ ምግብ ስጡት፣ ቀስ እያለ ይለወጣል። ልጆቻችሁንም የማያውቁት ውሻ ሲመጣ መሮጥ እንደሌለባቸው አስተምሯቸው፤ ቆም ማለት፣ እጅን ወደ ጎን፣ ዓይኑ ላይ አለማፍጠጥ።

ስለ ሰንሰለት አንድ ዓረፍተ ነገር፦ ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ውሻ ጥሩ ዘበኛ የሆነ ይመስላችኋል፣ እሱ ግን የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ሌባውንም እንግዳውንም የውኃ ቆጣሪ አንባቢውንም እኩል ነው የሚዘለዝለው። "የአበሻ ውሻ ነው፣ ምን አለበት" የምትሉም አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። ጀርመን ሸፐርድ ቢሆን ኖሮ ታወጡት ነበር።

በቃኝ። ሻይ ቡናው ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ማንም አይውጣ። የሰፈር ክትባት ኮሚቴ አባላትን ከሻይ በኋላ እንመርጣለን። በሩ አጠገብ መዝገብ አለ፤ ሰፈራችሁን፣ ደጃፋችሁ ላይ የሚበሉትን ውሾች ብዛትና የሚያውቃቸውን ሰው ስልክ ጻፉልን፤ ሰውየውን አስፈቅዳችሁ ታዲያ። ገንዘብ ያዣችን፣ ነይ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።