ሰሌዳው እንዳለ ይቆይ

ውድ የሕግ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ እንዲሁም እዚህ አዳማ አብረን ፍርድ ቤት የምንመላለስ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ዛሬ ስለ አንድ የትንሽ ከተማ ጠበቃ ላወራችሁ ነው፤ አብርሃም ሊንከን። ፕሬዚዳንቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ በጥብቅና እንጀራውን የበላው ሰው ግን ብዙም አይወራለትም።

እ.ኤ.አ. በ1809 ኬንታኪ ውስጥ፣ በግንድ ጎጆ ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም። ሕግ የተማረው መጽሐፍ እየተዋሰ፣ ለብቻው እያነበበ ነው። በ1832 ለኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ገባ። በ1837 ስፕሪንግፊልድ ወደምትባል የኢሊኖይ ከተማ ሄዶ ጥብቅና ጀመረ።

እኔ በጣም የምወደው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ያኔ ዳኛው ከከተማ ከተማ እየዞረ ነበር የሚያስችለው፣ እኛ ተዘዋዋሪ ችሎት እንደምንለው፤ ጠበቆቹም አብረውት ይዞራሉ። ሊንከን በዓመት ሁለት ጊዜ ለሳምንታት በዚያ ጭቃ መንገድ ይጓዛል፣ ማታ አንድ አልጋ ለሁለት ይተኛሉ። በሚኒባስ ሞጆ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ ለቀጠሮ ስሄድ ሁሌ ትዝ ይለኛል። ክሱም ያው የኛው ዓይነት ነው፦ ዕዳ፣ መሬት፣ ስም ማጥፋት። ሕዝቡን በደንብ ያወቀው እዚያ ነው። በኋላ ለምርጫ ሲቆም የገበሬው ቋንቋ አልጠፋበትም።

ለጀማሪ ጠበቆች በጻፈው ማስታወሻ ላይ፣ ሰዎችን አስታርቁ እንጂ ለክስ አትገፋፉ ይላል። ረታ የተባለው ሰው በወጪና በጊዜ ብዙ ጊዜ ከሳሪ ነው ባይ ነው። እውነቱን ነው! ባለፈው ዓመት በአባታቸው ግቢ የተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች በእርቅ ጨረሱ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 መሠረት ስምምነቱን አስገባን፣ መዝገቡ ተዘጋ። ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች አንድ ባጃጅ ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እስከዛሬ ካሸነፍኳቸው ክሶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። በ1847 ሊንከን ማትሰን ለሚባል የባሪያ ባለቤት ጠበቃ ሆኖ ቆሟል፤ ነፃነታቸውን በጠየቁ አንዲት እናትና አራት ልጆቿ ላይ። እግዚአብሔር ይመስገን ተሸነፈ፣ እነሱም ነፃ ወጡ። እባካችሁ፣ ባለጉዳዩ ስለከፈለ ብቻ ማንኛውንም መዝገብ አትያዙ።

በዚያው ዓመት ኮንግረስ ገባ፣ አንድ ዘመን አገልግሎ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። ዳግም ወደ ፖለቲካ የጎተተው በ1854 ለባርነት አዲስ ግዛት የከፈተው ሕግ ነው። በ1858 ከተፎካካሪው ከሴናተር ዳግላስ ጋር ሰባት ጊዜ ተከራክሮ የሴኔቱን ወንበር አጣ። በ1860 ግን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ1863 መጀመሪያም የባሪያዎችን የነፃነት አዋጅ ፈረመ።

በ1861 ወደ ዋሽንግተን ሊሄድ ሲል ቢሮው ጎራ አለ። የሥራ ባልደረባው ሄርንደን በኋላ እንደተናገረው፣ የሁለቱን ስም የያዘው ሰሌዳ እንዳይነሳ ለመነው። በሕይወት ከኖርኩ ተመልሼ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥብቅናችንን እንቀጥላለን አለው።

በሜይ 1865 ስፕሪንግፊልድ በባቡር የደረሰው አስከሬኑ ነበር።