ከብሌን ቀጥሎ ማን ይግባ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ገብቷል። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ከተሰማችሁ ዝናቡ ነው፣ ታገሱኝ።

ታናሽ እህቴ ወለደች። አሜሪካ ነው የምትኖረው። ሴት ልጅ፣ የመጀመሪያዋ። ዜናው ሲመጣ ቤት ሙሉ ሰው አንድ ስልክ ላይ ተረባረበ። አንዱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላል፣ እናቴ እልልታዋን ታቀልጠዋለች፣ አያቴ ደግሞ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋው "እምዬ፣ በዓይንሽ እዪው እንጂ፣ ምስል አለው" እንላታለን። ሁሉም ከበረደ በኋላ እህቴ ቀስ ብላ "አንድ ነገር ቸግሮኛል፣ አግዙኝ" አለች።

ለልደት ምስክር ወረቀት የሚሞላ ቅጽ ሰጥተዋታል። ሦስት ቦታ አለው። የመጀመሪያው የልጅቷ ስም ነው፤ እሱ ሳትወለድ ያለቀ ነገር ነው፣ ብሌን። የመጨረሻው የቤተሰብ ስም ነው፤ እዚያ ባሏ በአሜሪካ ወረቀት የሚጠራበት የአያቱ ስም ይገባል። መሀሉ ባዶ ነው። ባዶውን መተው ይቻላል፣ የሚያስገድዳት የለም። እሷ ግን አልፈለገችም። "ከብሌን ጋር የሚሄድ ስም ፈልጉልኝ" አለች።

እናቴ ነገሩ መጀመሪያ አልገባትም። "ከልጅ ቀጥሎ አባት፣ ከአባት ቀጥሎ አያት። ምን መሀል አለው?" አለች። እውነቷን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 32 ላይ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የራሱ መጠሪያ፣ እና የአባት ስም አለው ይላል። በወረቀት ደረጃ እንግዲህ ሁለተኛ ስም ተፈቅዶልናል ማለት ነው። ኑሯችን ግን በዚያ አልሄደም። ዛሬም ማንነታችንን ስንጠየቅ የምንለው የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ነው።

ወንድሜ "በቃ የአባቷን ስም መሀል አስገቢው" አለ። ብዙ ሀበሻ ውጭ ሲሄድ የሚያደርገው እሱን ነው፣ ያስኬዳል። ግን እኔ እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ስምና የአባት ስም ሲገጥሙ እኛ ጋ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ ይህን ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የወንድ ስማችን ብዙው ግስ ነውና። ዘለቀ፣ ማረው፣ ይበልጣል፣ ጣሰው። "ደስታ ዘለቀ" ብላችሁ ስትጠሩ ምርቃት ነው። "ፍቅር ይበልጣል" ስትሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጥቅስ ይመስላል። "ሰላም ጣሰው" ግን ያቺ ልጅ በየክፍሉ ስሟ በተነበበ ቁጥር ሰላም ይጣሳል። ስለዚህ የልጅ ስም ስናወጣ ከአባት ስም ጋር አብረን በአፋችን እናዞረዋለን። ፈረንጆቹ የመሀል ስም ሲመርጡ የሚጨነቁት ይህንኑ ጭንቀት ነው ማለት ነው። አዲስ ነገር አይደለም፣ ቦታው ነው የተለየው።

እናቴ ሲገባት የራሷን ሐሳብ አመጣች። የክርስትና ስሟ ይግባ አለች። ይህ ልቤን ነክቶታል። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው የምትጠመቀው፤ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ ብሎ መጽሐፈ ኩፋሌ ስለሚናገር ነው። ያን ቀን ማዕተብ ይታሰርላታል፣ ካህኑም ወለተ ማርያም ወይ ወለተ ሚካኤል ወይ ሌላ ይሏታል። ቅጹ ግን ሰማንያ ቀን ቆሞ አይጠብቅም። ቢጠብቅስ? እኔ አልወደድኩትም። የክርስትና ስም በየመስኮቱ የሚጠራ አይደለም። ስትቆርቢ የሚጠራ ነው፣ በጸሎት የምትታሰቢበት ነው፣ ስትሞቺ የሚፈቱሽ በእሱ ነው። እቴጌ ጣይቱ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበር፤ አገር የሚያውቃቸው ግን ጣይቱ ብሎ ነው። እናቴን "እማ፣ እሱ ለቤተ ክርስቲያን ይቆይላት" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ይቆይ" አለች።

አንድ ሰው ሁለት ሦስት ስም መያዙ ደግሞ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ይህች እኔ ያለሁባት ከተማ ራሷ በፊት መንቆረር ነበረች። ደብረ ማርቆስ ያሏት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም እስከ 1873 ድረስ ራስ አዳል ነበሩ።

አሁን ወደ እኔ ሐሳብ ልምጣ። ዛሬ ማይክ የከፈትኩትም ለዚህ ነው።

እኔ ያልኩት የአያቴ ስም ይግባ ነው። የእናታችን እናት፣ የሻረግ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። የእኔን ስም ጻፉትና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ ወንዶች ናቸው። አባቴ፣ አባቱ፣ የአባቱ አባት። እኔን ዘጠኝ ወር የተሸከመችኝ ሴት ስሜ ውስጥ የለችም። እሷን የወለደችም የለችም። እኔም የልጄ ስም ውስጥ አልኖርም። አባቶቼን ለመንቀፍ አይደለም የምለው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን ያማል።

የሚገርመኝ መሬቱ እንዲህ አልነበረም። ጎጃም ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ነበር። ሰው በእናቱ እናት፣ በአያቱ እናት በኩል "ድርሻ አለኝ" ብሎ ተነስቶ ይሟገታል፤ ስለዚህ ሴቶቹን በስም ቆጥሮ መያዝ ነበረበት፣ አንዷን ከረሳ መሬቱን ረሳ። በ1967 መሬት የመንግሥት ሲሆን ያ ሙግት ቀረ። ሴት አያቶቻችንን በስም እንድናስታውስ የሚያስገድደን አንድ ነገር አብሮት ቀረ ብዬ አስባለሁ። እህቴ እጅ ላይ ያለችው ባዶ ቦታ ደግሞ አባት ይግባባት ያላላት የለም። ታዲያ ሴት ትግባባት።

ወደ ስሙ ልመለስ፣ መግጠም አለበት ብያችኋለሁና። ብሌን አጭር ናት፣ ቶሎ ታልቃለች፣ ስለዚህ ቀጥሎ ረዘም ያለ ቢመጣ ደስ ይላል። ግን እንዴት እንደሚነሳም ወሳኝ ነው። አክስቴ ናርዶስ ብላ ነበር፤ ለብቻው ስትጠሩት ያምራል፣ ከብሌን ጋር ሲሆን ግን ሁለቱ "ን" ተዋውጠው "ብሌናርዶስ" ይሆናል። አትጠገብ የሚለውን ስም በጣም እወደዋለሁ፣ እሱም ፈጠን ብላችሁ ስትጠሩት "ብሌናትጠገብ" ይሆናል። እኔ በር ላይ ወጥቼ፣ ልጅ ከሰፈር እንደሚጠራ አድርጌ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። ብሌን የሻረግ! የመጀመሪያው ይዘጋል፣ ሁለተኛው ይከፍታል። ሁለቱም ሙሉ ሆነው ይሰማሉ። እናንተም ስም ስታወጡ በር ላይ ወጥታችሁ ጥሩት፣ ሹክ በማለት አይታወቅም።

ትርጉሙስ? ብሌን የዓይን ብሌን ናት። የሻረግ የሺ ሐረግ ነው፤ ሐረግ ደግሞ ዛፍ ላይ የሚጠመጠመውም ነው፣ "የዘር ሐረግ" የምንለውም ነው። ገልብጣችሁ ስታነቡት የሺ ሐረግ ብሌን ይሆናል። ይህን ለእህቴ በድምፅ ልኬላት አለቀሰች።

ከዚያ ለእምዬ ልነግራት ሄድኩ። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። "እምዬ፣ የልጅቷን ስም ባንቺ ልናደርገው ነው፣ የሻረግ" አልኳት። እጇ ቆመ። "ልጀ፣ እሱኮ የአማቴ ስም ነው" አለችኝ።

አማቷ የሻረግ ትባል ነበር ማለቷ መሰለኝ። አይደለም። ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ ያወጡላት ስም ነው። ወጉን አውቀዋለሁ፣ ለሙሽራ አማቷ ስም ታወጣላታለች፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት የሻረግ የልደት ስሟ ይመስለኝ ነበር። መታወቂያዋ ላይ ያለው እሱ ነው። ጎረቤት የሚጠራት በእሱ ነው።

"ታዲያ ያባትሽ ቤት ስምሽ ማነው?" አልኳት።

"ትሁን።"

አምስተኛ ሴት ልጅ ነበረች። አባቷ ወንድ ሲጠብቁ እሷ መጣች፣ "እንግዲህ እሷም ትሁን" አሉ፣ ያው ስም ሆኖ ቀረ። ይህን ስትነግረኝ ቅሬታ የለባትም፣ ጎመኗን እንደገና መቀንጠስ ጀምራለች። እኔ ነኝ የምናገረው የጠፋኝ። የቱ ይግባ? የተወለደችበት ወይስ የተዳረችበት? ራሷን ጠየቅኳት። ብዙም አላሰበችም። "የሻረግን አድርጉላት። እሱን ያወጣችልኝ ሴት ናት። ስገባ አቅፋ፣ ጆሮዬ ላይ ነው የጠራችኝ" አለች።

ስለዚህ ተጻፈ። ብሌን የሻረግ። እህቴ የቅጹን ፎቶ ላከችልን። እዚያ ብዙ ወረቀት ላይ የመሀል ስም አንድ ፊደል ብቻ ሆኖ ይቀራል አሉኝ፤ የእምዬም ያች አንድ ፊደል ትሆናለች። ይሁን። ልጅቷ አድጋ "ይህች ፊደል የማን ናት?" ስትል እናቷ የምትነግራት አላት።

ትሁን ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ትላንት ማታ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ካገባሽ ወዲህ በእሱ ስም የጠራሽ አለ ወይ አልኳት። እህቶቿ ነበሩ፣ አልፈዋል። የመጨረሻዋ ካረፈች በኋላ የለም። "እስቲ ጥሪኝ" አለችኝ። አያትን በስም መጥራት አፌ ላይ ከበደኝ። ሦስተኛው ላይ ነው የወጣልኝ።

"ትሁን።"

ጀበናውን እየቀዳች፣ ቀና ሳትል፣ ቶሎ ብላ "አቤት" አለች።