ትንፋሹን ቁጠሩለት
ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ከደሴ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሁሉ ይህችን ያውቃታል፦ «ሲስተር፣ ተዪው ይተኛ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ነው ያደረው።» ብዙ ጊዜ እናት ናት የምትለው። አንጀቷ አልችል ብሎ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ግን ለህመም ሞርፊን የተሰጠው ሰው ድንገት ጸጥ ካለብኝ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አልወድም፤ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ ያሳስታል። አዋቂ ሰው አርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ወደ 8 ከወረደ፣ ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ ካለው፣ ሲጠሩትም አልነቃ ካለ፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሎ ከጠበበ፣ ሐኪም እጠራለሁ።

ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ግንድ ነው፤ አንጎል ከአከርካሪ ጋር የሚገናኝበት፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው ክፍል። የትንፋሽን ምት የሚያወጡ ጥቂት ሕዋሳት እዚያ ተሰብስበው እንደሚገኙ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1991 በአይጥ ላይ አሳይተዋል። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ስትቆዩ የሚያስጨንቃችሁም ደም ውስጥ የሚጨምረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ግንዱ ይህን ያውቅና «ተንፍስ» ይላል።

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፈንታኒል ህመም የሚያስታግሱት ሚዩ በሚባሉ ተቀባዮች፣ ማለትም መድኃኒቱ በሚያርፍባቸው የሕዋስ ክፍሎች፣ በኩል ነው። እነዚሁ ተቀባዮች ትንፋሽ በሚታዘዝበትም ቦታ አሉ። መድኃኒቱ እዚያ ሲበረታ ምቱ ይዘገያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቢጨምርም ሰውየው ጭንቀቱ አይሰማውም። አይታገልም፣ ሰው አይጠራም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ኦክስጅን ተደርጎለት ከሆነ ደግሞ ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ 97 በመቶ እያሳየ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል፤ ማሽኑን ብቻ አይቼ የማላልፈው ለዚህ ነው።

የደም ግፊትም የሚታዘዘው ከዚያው አካባቢ ነው። ግፊት ላለባት ነፍሰ ጡር የሚሰጠው ሜቲልዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ይለወጥና አልፋ ሁለት የሚባሉትን ተቀባዮች ይነካል፤ ከግንዱ ወደ ደም ሥሮች የሚወርደው ትእዛዝ ይላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። «ሲስተር፣ ይሄ ኪኒን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» የሚሉኝ እናቶች እውነታቸውን ነው። አብሽሩ እላቸዋለሁ፤ ከአልጋ ስትነሱ ግን ቁጭ ብላችሁ ቆይታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ክሎኒዲንም የዚሁ ዘመድ ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ለአፍንጫ መታፈን ነበር፣ ሲሞከር ግፊት ሲያወርድ ተገኘ። እሱን በድንገት ያቋረጠ ሰው ግፊቱ ከበፊቱም በላይ ሊያሻቅብ ይችላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ምርቃና ለመስበር ትራማዶልና ዳያዜፓም ከአረቄ ጋር የሚወስዱ ልጆች አሉ። የህመም ማስታገሻው ትራማዶል ኦፒዮይድ በሚባሉት፣ ሞርፊንም በሚሠራባቸው ተቀባዮች ይሠራል፤ ማረጋጊያው ዳያዜፓምና አልኮል ደግሞ ጋባ በሚባለው፣ አንጎልን በሚያረጋጋ ንጥረ ነገር መንገድ አንጎልን ያደክማሉ። ለየብቻ ሲወሰዱ ሰውነት ሊቋቋማቸው ይችል የነበሩት፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽ ያቆማሉ። ትራማዶል ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ያመጣል። ጓደኞቹ «ጨብሲ ይዞት ነው» ብለው ብርድ ልብስ ያለብሱታል። እባካችሁ፣ ጥሩት፣ ነቅንቁት፤ ካልነቃ በጎኑ አስተኙትና ሐኪም ቤት አድርሱት። ምን እንደወሰደ ደብቃችሁ አታምጡልን፤ ሳናውቅ ማከም ይከብደናል።

ይህን ሰምታችሁ ደግሞ ካንሰር የሚያሰቃየውን አባታችሁን ሞርፊን እንዳትከለክሉት። በልክ ተጀምሮ፣ እየታየ ሲጨመር፣ ሰው ህመሙ ረግቦለት ከልጆቹ ጋር ቡና ይጠጣል። በህመም መሰቃየትን እንደ ጽናት ማየታችን ያሳዝነኛል።

የሞርፊን ማርከሻው ናሎክሶን ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ከተቀባዩ ላይ ሞርፊኑን ያስለቅቀዋል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ያመሰግናል፣ ከዚያ «በቃ እንውሰደው» ይላል። ናሎክሶን ግን ከሞርፊን ቀድሞ ነው የሚያልቀው፤ አንዳንዴ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ። ሞርፊኑ ገና ሰውነቱ ውስጥ ስላለ ትንፋሹ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዓይኑን ገልጦ «ደህና ነኝ፣ ጫማዬን ስጡኝ» ቢልም ለሰዓታት እኛ ጋ ይቆይ፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው አጠገቡ ይሁን።