መሬት ያልገዛው ሹም፦ ነህምያ ከመንዝ እርከን ላይ ሲታይ

(ምስል፦ ጠዋት፣ መንዝ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዶማና አካፋ ይዘው ዳገት ይወጣሉ።)

ጥር ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ጥር ሲገባ የእርከን ሥራ ይጀመራል። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ በሬውም ትንሽ አርፏል። ስለዚህ ቀበሌው ሰውን ለተፋሰስ ሥራ ይጠራል። የቡድን መሪው ገመድ ይዞ ይለካል። «ከዚች ድንጋይ እስከዚያች ቁጥቋጦ የእናንተ ነው። ከዚያ ወዲያ የእነ እትዬ።» ሁሉም ድርሻውን ይዞ ድንጋይ መካብ ይጀምራል።

ይህን ባየሁ ቁጥር መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ ሦስት ትዝ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ምዕራፉ ሲነበብ ያሰለቻል። ከዳር እስከ ዳር ስም ነው። እገሌ ይህን ሠራ፣ ከእርሱ ቀጥሎ እገሌ ያንን ሠራ። እርከን ላይ ቆመው ሲያነቡት ግን ወዲያው ይገባል። የገመድ ድልድል ነው!

(ምስል፦ የፋርስ ግዛት ካርታ። ከሱሳ እስከ ኢየሩሳሌም የሚሄድ መስመር።)

ሰውየው ማን ነው? አይሁዳዊ ነው፤ የሚኖረው ግን ሱሳ፣ በፋርስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 445 ዓመት ገደማ። ሥራው የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊነት። ጠጅ አሳላፊ ሲባል የሠርግ ቤት አስተናጋጅ እንዳይመስላችሁ። ንጉሡ ነፍሱን የሚያምነው ሰው ነው።

ወንድሙ አናኒ ከይሁዳ መጥቶ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን፣ በሮቿም መቃጠላቸውን ይነግረዋል። ነህምያ አለቀሰ፣ ጾመ። ንጉሡን እስኪጠይቅ ግን አራት ወር ያህል አለፈ። ንጉሡ «ምን ትለምናለህ?» ሲለው መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ቆረጠ። ለገዥዎቹ የይለፍ ደብዳቤ ጠየቀ። ለበሮቹ እንጨት እንዲሰጠው ለንጉሡ ደን ጠባቂ ሌላ ደብዳቤ ጨመረ። አልቃሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንጨቱ ትዝ አይለውም ነበር።

ኢየሩሳሌም ሲደርስ ስብሰባ አልጠራም። ሦስት ቀን ዝም አለ። ከዚያ ሌሊት፣ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ፍርስራሹን ሊያይ ወጣ። የነበረው አንድ የሚቀመጥበት እንስሳ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ እንስሳው ማለፊያ አጣ፤ ፍርስራሹ መንገዱን ዘግቶታል። እኔ ይቺን ዝርዝር እወዳታለሁ። ሪፖርት ያነበበ ሰው መንገዱ የት ላይ እንደሚጠብ አያውቅም።

(ምስል፦ የድንጋይ ካብ በቅርብ። አንድ እጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያዞረ ቦታ ይፈልግለታል።)

አሁን ወደ ድልድሉ። የበጎች በርን የሠሩት ሊቀ ካህናቱና ካህናቱ ናቸው። ወርቅ አንጥረኛ አለ፣ ሽቱ ቀማሚ አለ። አንድ የአውራጃ ሹም ከሴት ልጆቹ ጋር ድንጋይ ያነሳል። የጉድፍ መጣያው በር ለማን ደረሰ? ለሌላ የአውራጃ ገዥ። ቆሻሻው በር! ብዙዎቹ ደግሞ በየቤታቸው ፊት ለፊት ነው የሠሩት። በገዛ ደጃፉ ላይ ልል ካብ የሚክብ ሰው የለም።

አንድ መስመር ላይ ደግሞ ሰዎች ይጋለጣሉ። የቴቁሔ ሰዎች ሠሩ፤ ታላላቆቻቸው ግን አንገታቸውን ለሥራው ዝቅ አላደረጉም ይላል። በቃ፣ ይህን ብቻ ጽፎ ያልፋል። እኛም ዘንድ እጁን ኪሱ ከትቶ «በርቱ፣ በርቱ» የሚል አይጠፋም። ስሙን ጽፈን ግን አናውቅም።

ፌዘኞችም ነበሩ። ሰንባላጥ፣ ጦብያ፣ ጌሳም። ጦብያ «ቀበሮ ቢወጣበት ያፈርሰዋል» ብሎ ቀለደ። (የጓሳን ቀይ ቀበሮ የሚያውቅ መንዜ ይህን ሲሰማ ይስቃል። የእኛዋ አይጥ ስታድን እንጂ ካብ ስታፈርስ አላየንም።) ፌዙ አልሠራ ሲል ዛቻ መጣ። ግማሾቹ ጦር ይዘው ቆሙ፣ ግማሾቹ ሠሩ። «ና እንነጋገር» ብለው አራት ጊዜ ላኩበት። መልሱ አራቱንም ጊዜ አንድ ነው፦ ትልቅ ሥራ ላይ ነኝ፣ መውረድ አልችልም።

ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። ነህምያ ሲነሳ ሁሉም ይቺን ቁጥር ይጠራል። እኔ ግን ምዕራፍ አምስት ላይ ነው የምቆመው።

(ምስል፦ የተናደ ካብ። ድንጋዩ ወደ ታች ተንከባሎ ማሳው ውስጥ ገብቷል።)

ይህ ባለፈው ዓመት እኔ የካብኩት ነው። አትሳቁ። ከፊት ሲያዩት ያምር ነበር። ውስጡን ግን በአፈር ሞላሁት። ዝናብ ሲመታው ሆድ አወጣ፣ ከዚያ ተናደ። የገፋው ሰው አልነበረም።

የነህምያም ሥራ ሊናድ የነበረው ከውስጥ ነው። ሥራው እየተጧጧፈ ሳለ ድሆቹ ከሚስቶቻቸው ጋር ጮኹ። በራብ ምክንያት ለእህል ብለን እርሻችንን አስይዘናል አሉ። እዚህ አገር ወለድ አገድ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ለንጉሡ ግብር ተበድረናል፣ ልጆቻችንን ለባርነት እየሰጠን ነው አሉ። አበዳሪዎቹ እነማን ናቸው? የገዛ ወንድሞቻቸው፣ መኳንንቱና ሹማምንቱ።

ጠላት በር ላይ ነው። «ይህ ጊዜው አይደለም፣ አንድነታችንን አትከፋፍሉ» ማለት ይቀለው ነበር። እርሱ ግን ተቆጣ፣ በልቡ አሰበበት፣ ጉባኤ ጠርቶ መኳንንቱን ፊት ለፊት ወቀሳቸው። ከዚያ የሚገርመኝን ነገር ተናገረ፦ እኔም ወንድሞቼም ብሩንና እህሉን አበድረናል፤ ይህን ወለድ እንተው። «እናንተ» ብሎ ጀምሮ «እኛ» ላይ ደረሰ። እርሻው፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ ቤቱ ዛሬውኑ ይመለስ አለ። አስማላቸው። የልብሱን ዘርፍም አራገፈ፤ ቃሉን ያፈረሰ እንዲሁ ይራገፍ ብሎ። ጋቢውን አራግፎ የሚራገም ሽማግሌ ያየ ሰው ያ ምን እንደሚከብድ ያውቃል።

ይህን ለማለት አፍ የሰጠው ምንድን ነው? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል የአገራችን ተረት። ነህምያ 12 ዓመት አገረ ገዥ ሆኖ የገዥነት ቀለቡን አልበላም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ከሕዝቡ ላይ እንጀራና ወይን፣ በተጨማሪም 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር። እርሱ 150 ሰው በማዕዱ እያበላ፣ በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት ምርጥ በጎች እየታረደ፣ ከሕዝቡ አልጠየቀም። ሥራው ከብዷቸዋላ! አንዲት አጭር ሐረግም አለች፦ መሬት አልገዛንም።

እንከን የለሽ ነበር እያልኩ አይደለም። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ባዕድ ሴት ካገቡ ሰዎች ጋር ተጣልቶ ይራገማል፣ ይመታል፣ ጠጉር ይነጫል። እዚያ ላይ አብሬው አልቆምም። ግን ይህንንም በመጽሐፉ ውስጥ እናገኘዋለን፤ አልተሸፈነም።

(ምስል፦ እርከኑ ላይ የምሳ ዕረፍት። ቆሎና ጠላ ይዞራል።)

የተናደውን ካብ እንደገና ስንክብ ከጎኔ ለነበሩ አባት ታሪኩን አወራሁላቸው። ስለ ሱሳም፣ ስለ ሰንባላጥም፣ ስለ 52 ቀኑም ምንም አላሉኝም። ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«12 ዓመት ገዝቶ መሬት አልገዛም ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ወደ ገመዱ ዞረው አዩ። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ያቺን ድንጋይ አቀብለኝ። ትልቋን፤ ከሥር የምትገባውን» አሉኝ።